ወንዝ ዳር የቀረው ኑግ

ወንዙን የተሻገርነው አራት ነበርን፤ እትዬ የሺ፣ ወንድማቸው አያ ደምሴ፣ የጎረቤታችን ልጅ አንዱዓለምና እኔ። ይህን ያስታወሰኝ ቁም ሣጥን ነው። ባለፈው እሑድ ልጆቼ የክፍሌን ግማሽ የሚይዝ ቁም ሣጥን ገዝተው አስገቡልኝ። መረቅኳቸው። ሁለት ጋቢና አንድ ኮት ሰቅዬበት ባዶውን ሳየው ግን ያ ወንዝ ትዝ አለኝ።

በጣልያን ጊዜ ነው፤ ወሩ መስከረም። የእትዬ የሺ ልጅ ዘውዴ ዲማ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። በአገራችን ደንብ ሴት በኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ያን ጊዜ ግን በየመንገዱ ኬላ ስለነበረ ዘውዴን አምበር ድረስ ማምጣት አልተቻለም። ስለዚህ እናት ወደ ልጅ ሄዱ፤ የገንፎ ዱቄት በስልቻ፣ ቅቤ በቅል ይዘው። እኔ የወጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነው። የዓመት ድካሜን፣ አንድ ስልቻ ኑግ፣ ቁይ ገበያ ሸጬ በርኖስ ልገዛ። ቀለሙንና ርዝመቱን፣ አንገቱ ላይ የሚታሰርበትን ሳይቀር አስቤ ጨርሻለሁ።

«ይኸ ልጅ ከአምበር ሳንወጣ በርኖሱን ለብሶታል፤ አረማመዱን እዩልኝ» ይላል አንዱዓለም።

የወንዙን ድልድይ ጣልያን ይጠብቀው ስለነበር በእግር ወደሚሻገሩበት መልካ ወረድን። ውሃው ደፍርሶ ሞልቷል። አያ ደምሴ በዘንግ ለክተው ተመለሱ።

«ለእኛ ይሆናል። ለየሺ ግን አይሆንም፤ ዋና አታውቅም።»

«ታዲያ ምጡ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቀኛል?» አሉ እትዬ የሺ፤ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ።

የወንዝ ዳር ሰው ብልሃት አለው። ስልቻ ነፍቶ፣ አፉን ጠፍሮ፣ ዋና ለማያውቅ ያሳቅፋል። ያለን ሁለት ስልቻ ነው፤ አንዱ የአራስ ገንፎ ዱቄት የያዘ። ስልቻህን ስጥ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ውሃውን ያያሉ። የስልቻዬን አፍ ፈታሁ።

«የምርህን ነው?» አለኝ አንዱዓለም፤ ቀልዱን ትቶ።

«ስመለስ አነሣዋለሁ።»

ኑጉን ሾላ ሥር ዘርግፌ ቅጠል አለበስኩት። አያ ደምሴ ስልቻውን እስኪወጠር ነፉት፤ ዱቄቱንና ቅቤውንም ራሳቸው ተሸከሙ። እኔና አንዱዓለም እትዬ የሺን ግራና ቀኝ ይዘን ገባን። መካከሉ ላይ እግሬ ከድንጋዩ ተነጠቀ፤ እኔንም ያንሳፈፈኝ ያው ስልቻ ነው።

«አንተ ባለበርኖስ፣ ማን ማንን ነው የሚያሻግረው?» አሉኝ እትዬ የሺ። እዚያው ውሃው መሃል ሳቅን።

ከዚያ ወዲያ ትከሻዬ ቀለለ። ሸክም ሳለብኝ የማየው እግሬን ብቻ ነበር። አሁን አደይ አበባውን፣ ነፋስ የሚያስተኛውን ጤፍ አየሁ። በበሶና በምንጭ ውሃ ጠገብኩ። መንገዳችን በሚያልፍበት ቁይ ገበያ ውስጥ ምንም ሳልገዛ ዞርኩ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ ገበያ ዞሬ አላውቅም።

ዲማ ስንደርስ ሴቶቹ ደጅ ላይ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እትዬ የሺ ገና ከአጥሩ ሲጣሩ ከውስጥ የደከመ ድምፅ «እማዬ፣ መጣሽ?» አለ። እልልታው የተሰማው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ለእኛም ገንፎ ወጣልን፤ መካከሉ ላይ የእኛው ቅቤ ቀልጦ።

ስመለስ ኑጉን ግማሹን ወፍ በልቶታል፤ የቀረውን ዝናብ ጠርጎታል። በዓመቱ ጥቅምት ላይ ልጁን ልናይ ስንሄድ የወንዙ ዳር በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። አንድ መንገደኛ ቆሞ «እዚህ ማን ዘራ?» አለ። አንዱዓለም እኔን አይቶ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በዕድሜዬ ሁለት በርኖስ ገዝቻለሁ። ቀለማቸውን አላስታውስም።

ልጆቼን ለጥቅምት ዲማ ውሰዱኝ ብያቸው እሺ ብለዋል። አንዱዓለም፣ ይህ ከደረሰህ የጎደለውን ሙላልኝ። ውሃው እስከ ደረታችን ነበር እላለሁ፤ አንተ እስከ ወገብ ትል ነበር። ዘውዴም ብትሆን፣ እናቷ ከአጥሩ ሲጣሩ መጀመሪያ ምን እንዳሉ ትንገረኝ፤ እኔ የሰማሁት የእሷን መልስ ብቻ ነው።