ቲቸር ይመኙሻልና የአዳራሹ መብራት

አላመንኩም። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። የእህታቸው ልጅ፣ ቲቸር ከሚኖሩበት ከቆሰበር ከተማ ሆና እያለቀሰች ያንኑ ደገመችልኝ፤ «አዎ፣ ዛሬ ጠዋት አረፉ።»

ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር! እንዴት ነው ነገሩ?

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ቲቸር ይመኙሻል የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ናቸው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ሳይንስ ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። ያኔ ሴት አስተማሪ ብርቅ ነው፤ የሳይንስ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ! ከገጠር የመጡት ልጆች አማርኛው ሲከብዳቸው ጎንበስ ብለው በአገውኛ ይደግሙላቸዋል። አማርኛ ብቻ የምናውቀው እኛ እንቀና ነበር።

ኤሌክትሪክ ያስተማሩን እንዲህ ብለው ነው፤ «ቮልት የሚገፋው ነው። አምፐር የሚሄደው ነው። ኦም ደግሞ የሽቦው እንቢታ ነው። ቮልቱን ለአምፐሩ አካፍሉት፣ እንቢታውን ታገኛላችሁ። ቮልቱን በአምፐሩ አባዙት፣ ዋቱን ታገኛላችሁ።» ሒሳባችን አልገጥም ሲል አይቆጡም። «የጎደለው የት ገባ?» ይሉናል ብቻ። እስክናገኘው አይለቁንም።

አንድ ቀን ግን ከልቤ አይወጣም።

አባቴ ዳንግላ ወፍጮ ነበረው። ከወፍጮው ጎን የመብራት ሞተር ተከለና ለወላጆች በዓል የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በስጦታ ላብራ አለ። አዳራሹ የሣር ክዳን ነው። ሽቦው አልደርስ ብሎ ከዚህም ከዚያም ቁራጭ እየተቀጠለ በሣሩ ክዳን ውስጥ ገባ። አምፖሎቹ ሲበሩ ያላጨበጨበ አልነበረም። አባቴ በዚህ አላበቃም፤ ከአስመራ ያስመጣውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ የሻይ ማፍያም እንግዶች ፊት ሊሰካ ነው።

የበዓሉ ዕለት ሰኔ ሊያልቅ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ጠዋት ቲቸር «ኑ፣ ዛሬ እውነተኛውን እንለካ» ብለው ይዘውን ወጡ። ጥቂቶቻችን ሞተሩ ጋ፣ ጥቂቶቻችን አዳራሹ ውስጥ፣ የቀሩት መንገዱ ላይ ተደርድረው ቁጥሩን እየተቀባበሉ ይጮሃሉ። ሞተሩ ላይ ያለው መለኪያ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አምስት አምፐር ይላል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ልጆች በያዙት መለኪያ የደረሰው ግን ሁለት መቶ ቮልት ብቻ ነው።

«የጎደለው የት ገባ?» አሉን።

«ሽቦው ላይ ቀረ!» አልን።

«ስንት ኦም?»

«ሃያ ለአምስት፣ አራት!»

«ዋቱስ?»

«ሃያ በአምስት፣ መቶ!»

እኛ ትክክል በመመለሳችን እየዘለልን ነው። የእሳቸው ፊት ግን ተለወጠ። «መቶ ዋት ማለት ከነዚህ አምፖሎች የአንዱን ያህል ሙቀት ሽቦው ላይ አለ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሙቀቱ በሽቦው ሁሉ ተበትኖ ከሆነ ደግ። አንድ መቀጠያ ላይ ተሰብስቦ ከሆነስ?» ቀና ብለው ሣሩን አዩት።

ሁላችንንም ከአዳራሹ አስወጥተው በር ላይ አሰለፉንና ቀጥታ ዳይሬክተሩና አባቴ ወደቆሙበት ሄዱ። ሞተሩ ይጥፋና ጣሪያው ይታይ አሉ።

አባቴ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ስሚ አስተማሪ፣ መብራት ባመጣሁላችሁ፣ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«ጋሽ አድማሱ፣ ላመጡልን መብራት እግዜር ይስጥልን። እኔ የፈራሁት እሳቱን ነው። ማፍያው ሲሰካ አምፐሩ እጥፍ ይሆናል። አምፐሩ እጥፍ ከሆነ ሽቦው ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።»

ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገቡ። «እንግዶቹ በር ላይ ናቸው! ልጆቹን አስገቢ!»

«አላስገባም» አሉ ቲቸር። ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። «ከሥራ ያባርሩኝ። ልጆቼን ከዚህ ጣሪያ ሥር አላስቀምጥም።»

እኔ ሰልፉ ውስጥ ሆኜ አያለሁ። የአባቴን ቁጣ አገር ያውቀዋል። ሴት ልጅ ቀርቶ ሹም እንኳ እንዲህ አይመልስለትም። እሱ ግን ወደ ሠራተኞቹ ዞረ፤ «ሞተሩን አጥፉት። መሰላል አምጡልኝ።»

ራሱ ወጣ። እጁን ሣሩ ውስጥ ሰደደና «ምንም የለም!» ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ወይ አምላኬ!» ብሎ መለሰው። ሲወርድ መዳፉ ላይ እፍኝ ሣር ይዟል፤ ጠቁሯል፣ ሲነካ ይፈረፈራል። መቀጠያው በጨርቅ ነበር የተጠቀለለው፤ ጨርቁ ከስሏል።

አባቴ ሣሩን ለዳይሬክተሩ አሳየ። ከዚያ ቲቸር ፊት ሄዶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። «የኔም ልጅ እኮ እዚህ ልትቀመጥ ነበር» አለ። ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዓሉ መስኮት ተከፍቶ ያለ መብራት ተከበረ። ዝናቡ ንግግሩን ሁሉ ዋጠው፤ ሻዩም በእንጨት ፈላ። በኋላ ሁለቱ አብረው ሽቦውን እንደገና ዘረጉት። እኔም አድጌ ፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ፤ ለምን እንደሆንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው። ከሒሳቡ ይልቅ የገረመኝ፣ መልሱን ካገኙ በኋላ ለመልሱ መቆማቸው ነው። ማስላቱንማ እኛም ችለን ነበር።

ቲቸርዬ፣ ነገ ቆሰበር እመጣለሁ። ያኔ በር ላይ ሰልፍ ይዘን የነበርን ልጆች ወልደናል፣ የልጅ ልጅ አይተናል። ነገ እርስዎን ከሚሸኙት መካከል የነዚያ ልጆች ልጆች አሉ። በማን ምክንያት እንደተወለዱ አያውቁም።

በሰላም ይረፉ፣ እናቴ። እኔ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።