ጨው ሊያመጣ የሄደው ልጅ

ልጅ ነበርኩ ስል ሩቅ ዘመን እንዳይመስላችሁ። ያኔም የጅግጅጋ መንገድ በባጃጅ ይርመሰመስ ነበር፣ ያኔም ትልቅ ትንሹ ስልክ ይዞ ነበር። እኛ ቤት ግን የመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚነካ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ጓሮ ወጥተን ጉልቻው ዙሪያ እንቀመጥና፣ ጋሽ ዳና ቦሎቄ እየቀቀሉ የሚያወሩትን ተረት እንሰማ ነበር።

ጋሽ ዳና የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሠራዊት ምግብ አብሳይ ሆነው ከወላይታ መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡም እዚሁ ጅግጅጋ ቀሩ። አባቴ ሲሞት እናቴን ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ከታላቅ ወንድሜ ከታምራትና ከእኔ ጋር ማለት ነው፣ አምጥተው ቤታቸው አኖሩን። ቁጡ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለስንት ወታደር ድስት ሲያማስሉ ስለኖሩ፣ በበዓል ቀን ማንም ምድጃቸው አጠገብ ድርሽ እንዲል አይፈልጉም። እማዬ የምትሠራው የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያ፣ ዳጣውን ብቻ ነበር፣ እሱንም ቀምሰው ሳይነጫነጩ አይቀሩም።

ቦሎቄው ከአገር ቤት በሰው እጅ የሚላክልን ቀዩ ነው። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድርና በማግስቱ ከምሳ በኋላ ይጣዳል። ያኔ ከጉድጓድ የምንቀዳው ውሃ ጨው ጨው የሚል ስለነበር ቦሎቄን እንዲህ በዋዛ አያበስልም፤ ጋሽ ዳናም ውሃውን እየተራገሙ የግራር እንጨታቸውን ይቆሰቁሳሉ፣ እኛም በጭሱ ዓይናችን እየቀላ ከነፋሱ ጋር ቦታ ስንቀያይር እናመሻለን። ቦሎቄው ሲጋመስ በቆሎው ይጨመራል፣ ዓይን ያዝ ሲያደርግ ፋኖሱ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ በመጨረሻ ኮረሪማና ቅቤው ይገባና ሽታው አጥሩን አልፎ ጎረቤታችንን ኢዶ ሳህራን ይጠራታል። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። እሷ ደግሞ ቦሎቄን በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ካልሆነ አትበላም። ዘይቷንና ስኳሯን ይዛ ትመጣና፣ «ዳና፣ ዘንድሮም በቅቤ አበላሸኸው?» ትላቸዋለች። «አንቺ ደግሞ ስኳር ጨምሪበትና ሻይ አድርጊው» ይሏታል።

ተረቱ አንድ ነበር። አንዲት እናት ለበዓል ቦሎቄ ትጥዳለች፣ ጨው ግን ቤት ውስጥ የለም፤ ልጇን ጨው አምጣ ብላ ትልከዋለች። ልጁ ወንዝ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ወንዙን ሲሻገር ጅብ ያገኘውና «የእናትህን ስም ንገረኝና አሳልፍሃለሁ» ይለዋል፤ ልጁም የሚያውቀው «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነው። በየዓመቱ ጋሽ ዳና አዲስ ነገር ይጨምሩበታል፤ አንዴ ዓይነ ስውር ነጋዴ፣ አንዴ የጫነችውን ሰው አላወርድም የምትል ግመል። ርዝመቱን የሚወስነው ግን ቦሎቄው ነው። ጋሽ ዳና በመሃል አንዷን ፍሬ በጭልፋ አውጥተው በሁለት ጣታቸው ይጫኗታል። ካልፈረጠች ልጁ ገና መንገድ ላይ ነው። ከፈረጠች ልጁ ቤቱ ይደርስና «እማዬ፣ መጣሁልሽ፣ ድስቱን አውርጂው» ይላል፤ ያኔ እኛም ተንጋግተን ሳህን እናመጣለን።

ታምራት ልጅ ሆኖ አያስችለውም ነበር አሉ። ጋሽ ዳና እንጨት ሊያመጡ ዘወር ሲሉ ፍሬ ያወጣና፣ ገና ጠጣር ሆኖ ሳለ «በስሏል! ይግባ ልጁ!» ብሎ ይጮህ ነበር። «ጥሬ በልቶ ሆዱን ሲነፋው አንተ ነህ የምታሽለት?» ይሉታል ጋሽ ዳና። እኔ እስክደርስ ጎልምሶ ነበር፤ ቢሆንም ያችን ነገር አልተዋትም፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ለወጉ ይላታል፣ እማዬም ትስቃለች።

ታምራት ባጃጅ የሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራ ነበር። የኢዶ ሳህራ ልጅ አብዲ ጓደኛው ነው፣ አብረው ነው ያደጉት። አንድ ቀን ሁለቱም ጠፉ። ጅግጅጋ ውስጥ ወጣት ሲጠፋ ሰው የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፤ ታህሪብ፣ በድብቅ ተሰደደ፣ ይባልና ያበቃል። በቶጎ ውጫሌ ድንበር ወጥተው ሀርጌሳ፣ ከሀርጌሳ ቦሳሶ፣ ከዚያ በጀልባ ባሕሩን ማቋረጥ ነው። ታምራት ከቦሳሶ አንዴ ደወለ። «እማ፣ አታልቅሺ፣ ለመስቀል ከወዲያ ማዶ እደውልልሻለሁ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ነው የምትውል የምታድረው። መሥሪያ ቤት ወለል ስትወለውል እንኳ ቀና እያለች ታየዋለች። መንገድ ላይ የማንም ስልክ ሲጮህ እጇ ወደ ደረቷ ይሄዳል።

መስቀል ደረሰ። ጋሽ ዳና እንደ ሁልጊዜው ቦሎቄውን ጣዱ፣ ግን ውሃውን አልተራገሙም። እማዬ የሠራችውን ዳጣ ቀመሱና «ጥሩ ነው» አሏት። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ እንነቃ ነበር። እማዬ ግን ሐሳቧ ስልኳ ላይ ነበር፤ «ዛሬ ሳይደውል አይቀርም፣ ቃሉ ቃል ነው» እያለች ግቢውን ትጠርጋለች። ኢዶ ሳህራም ዘይቷንና ስኳሯን ይዛ መጣች። አስቀመጠችውና ከእማዬ ጎን ተቀመጠች፤ ስለ ቅቤው ምንም አላለችም።

ተረቱ ተጀመረ። ልጁ ወንዙን ተሻገረ፣ ጅቡን አለፈ። ፋኖሱ ተሰቀለ፣ ቅቤው ገባ። ጋሽ ዳና ፍሬ አወጡና ተጫኑት። ፈረጠ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ገና ነው» አሉና ልጁን ወደ ሌላ ተራራ መሩት። ደግመው አወጡ፣ ጣታቸው ላይ እንደ ገንፎ ሆነ። «ገና ነው።» ተራራው ላይ ልጁ ብርድ መታው፣ ከተራራው ወርዶ መንገድ ጠፋው፣ ያገኘውን ሁሉ የቤቱን አቅጣጫ ይጠይቃል፣ የሚነግረው የለም።

«ጋሼ፣ ፈርሷል እኮ» አለች እማዬ እየሳቀች።

«ገና ነው አልኩ!»

ልጁ ውሃ ዳር ደረሰ። ማዶው የማይታይ ውሃ ነው አሉ፣ እንደ ወንዙ አይደለም። ድስቱ ሥር መያዝ ጀምሯል፤ የማረር ሽታ ሁላችንም አፍንጫ ውስጥ ገብቷል፤ የስንት ወታደር አብሳይ ግን ጭልፋውን ይዘው ፍሙን ያያሉ።

«በሉ እንግዲህ ልጁን ያስገቡት፣ ረሃብ ገደለን» አለች እማዬ።

ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«ጋሼ፤ ያስገቡት እንጂ።»

«እንዴት አድርጌ?» አሉ።

እማዬ አየቻቸው። ቀጥላ ኢዶ ሳህራን አየቻት፤ ኢዶ ሳህራ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ አንገቷን ደፍታለች። እኔ ያኔ ምኑም አልገባኝም ነበር። የማስታውሰው እማዬ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ መሬት ላይ ማስቀመጧን ነው። ከዚያ ተነስታ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ድስቱን አወረደችው። ለጋሽ ዳና ጨለፈች፣ ለኢዶ ሳህራ ጨለፈች፣ ለእኔ ጨለፈች፣ ለራሷም ጨለፈች። ቀመሰችውና «ትንሽ አሯል፣ ግን ይበላል» አለች። በላች። ሳህኗ ላይ አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላች፤ እኔንም «ብዪ እንጂ፣ በዓል ነው» አለችኝ። ጋሽ ዳና ማንኪያውን ማንሳት አቃታቸው።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ የዕድር ሰዎች፣ የሰፈር ሽማግሌዎችና የአብዲ አባት በሩን ሊያንኳኩ መጡ። በሩ ክፍት ነበር። እማዬ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ግቡ፣ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «አሁን ደግሞ በቃል ንገሩኝ።»

ነገሯት። ጀልባው ተገልብጧል። አብዲ ጀሪካን ይዞ ተረፈ፤ ታምራት አልተረፈም፣ ሬሳውም አልተገኘም። አብዲ ለእናቱ ደውሎ የተናገረው ከሳምንት በፊት ነበር። መርዶ በበዓል አይነገርም፣ በዓሏን ትዋል ብለው ጋሽ ዳና ናቸው ሰውን ሁሉ ያስማሙት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። እናቴ ስትጠብቅ እያያት ዝም ያለ ሰፈር ነው። ጋሽ ዳና እግሯ ላይ ወድቀው «በዓሉን ላሳልፍልሽ ብዬ ነው» ሲሏት የመለሰችላቸውን አልረሳውም። «ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ እያዩኝ?» አለቻቸው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ጮኸች፣ ጩኸቷ ለቀናት አላቆመም።

ጋሽ ዳና ከዚያ ወዲህ ተረት አላወሩም፤ ሁለት መስቀል ሳይሞላቸው እሳቸውም አረፉ። ይቅር አልኳቸው ወይ ብትሉኝ እኔ እንጃ። ያሰቡት ደግ ነው፤ አገሩ በሙሉ የሚያደርገው ነው፤ ምናልባት እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ግን ደግነታቸው ያቺን ሳምንት ከእናቴ ላይ ወሰደባት፤ ልጇ ሞቶ እሷ ግቢ ስትጠርግ፣ ዳጣ ስትፈጭ፣ ስትስቅ ከረመች። እሷን የሚያንገበግባት የሳቀችው ሳቅ ነው። መቃብር የለ፣ ፎቶ እንኳ ያለን ጋራዥ ውስጥ ፊቱ ዘይት ሆኖ የተነሳት አንዲት ናት። እማዬን እግዜር ይያት ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

አሁን እኔም ሥራ ይዣለሁ፣ ትልቅ ሰው ነሽ ይሉኛል። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ምንድን ነው ብዬ ሳስብ የወንዙም የጅቡም ነገር እየደበዘዘብኝ ነው። የቀረልኝ ሌላ ነው። ሰው በበዓል ቀን ደግ ሲሆንልኝ እፈራለሁ። ምግብ አቅርበው ብዪ ብዪ ሲሉኝ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አያለሁ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ እፈልጋለሁ። ዘንድሮ እማዬ ስንት ዘመን ቆይታ፣ «ለመስቀል ሥጋ ልግዛ ብያለሁ፣ እስቲ ትንሽ ደስ ይበለን» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቷን መረመርኩ። አጠገቧ ሄጄ እጇን ያዝኩና «ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ» አለችኝ።

አላመንኳትም።