ባትሪ ጠጋኙ ደረሰ ያልተናገረው

እንጅባራ ላይ ባትሪ የሞተበት ሰው ሁሉ ደረሰን ያውቀዋል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ፣ ሱሪው በአሲድ ተበሳስቶ ወንፊት መስሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ዳንግላ ከአንድ ባለሙያ ዘንድ ሦስት ዓመት ሥራ ተምሯል። ቁጥብ ነው፤ ሲናገር ግን ሰው እንዲገባው አድርጎ ነው። አንድ ቀን ጉድ የሠራውም ይኸው የሚመሰገንበት አነጋገሩ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። አባ ነጋ የሚባሉ ገበሬ ከዘንገና በኩል መጥተው ዳማ ፈረሳቸውን ከሱቁ ደጅ አስረው ገቡ። የተከሉት ግራር ደርሶላቸው ከሰል ሊያከስሉ ነው። የከሰል ክምር ደግሞ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም፤ አንድ ቦታ ከተነፈሰ ሁሉም አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት አራት ሳምንት ከማሳው ዳር በላስቲክ ድንኳን ሊሰነብቱ አስበው፣ ለመብራትና ለስልክ የሚሆን ባትሪ ፈለጉ። የሶላሩን ሰሌዳ ልጃቸው ልኮላቸዋል።

ደረሰ ሁለት ባትሪ አወጣላቸው። አንዱ ለሶላር የተሠራ፣ አፉ የታሸገ ደረቅ ባትሪ ነው። ሌላው ከጭነት መኪና የወረደ፣ ደረሰ ራሱ ሳምንት ሙሉ ደክሞ፣ አሲዱን ለውጦ ያስነሣው የመኪና ባትሪ ነው።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አሉ አባ ነጋ።

«የመኪናው፣ አባ፣ እንደ ጉግስ ፈረስ ነው። ባንድ ጊዜ ፈትለክ ይላል። የሶላሩ ግን እንደ ጭነት በቅሎ ነው፤ ቀስ እያለ ሲሄድ ያድራል።»

ሊቀጥል ነበር። የጉግስ ፈረስ ረጅም መንገድ እንደማይሆንለት፣ የመኪና ባትሪም በየቀኑ እየተሟጠጠ ዓመት እንደማይሞላ ሊናገር ነበር። አባ ነጋ ግን በጉልምስናቸው የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ጉግስ የሚለውን ከሰሙ በኋላ ሌላ አልሰሙም።

«እንግዲያ በስተርጅና በበቅሎ ልትሰደኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ደረቁን ባትሪ ባንድ እጃቸው አነሡት፤ ቀለላቸው። «ይህማ ዳቦ ነው!»

ደጅ የቆመው ባለ ባጃጁ አስማረ ጣልቃ ገባ። «ደረሰ፣ ለሽማግሌ ዳቦ መሸጥ ጀመርህ እንዴ?»

አባ ነጋ የመኪናውን ባትሪ ሁለት ጫፍ በሽቦ ነካ አደረጉት። ፍንጣሪው ቷ አለ። «አየህ? ወንድ ይህ ነው!»

ደረሰ አፍሮ ሳቀ። የደከመበት ባትሪ ሲወደስም ደስ አለው። የጀመረውንም ምሳሌ ሳይጨርስ ተወው።

ይህስ ባልከፋ። የሚቆጨው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በደንቡ የክብር ፈረስ ጭነት አይጫንበትም፤ አባ ነጋ ግን «መብራት ጭነት አይባልም» ብለው ባትሪውን በጆንያ ጠቅልለው ከኮርቻው ኋላ አኖሩት። ቆሞ ሲወዛወዝ ማዕዘኑ የፈረሱን ጀርባ እንዳይወጋው ብለው አጋደሙት።

«ገመዱን ያዝልኝ ልጄ» አሉ።

ደረሰ ያዘላቸው። የተጋደመ ባትሪ ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሁን ገና የተሳቀበት ሰው፣ የፈረሰኞችን አለቃ የፈረስ ጭነት ሊያስተምር? ክዳኖቹ ጠብቀዋል ብሎ ራሱን አጽናና። ገመዱን ሳብ አድርጎ አሰረ።

በሦስተኛው ቀን አስማረ ወሬውን ይዞ መጣ። ዳማው መንገድ ላይ ሲበረግግ አባ ነጋ ዝንብ መስሏቸው ነበር። ቤት ደርሰው በአሲድ የራሰውን ጆንያ ሲያነሡት የፈረሱ ጠጉር አብሮ ተነሣ።

ደረሰ ደረቁን ባትሪ ተሸክሞ ዘንገና ሄደ። ፈረሱ ከቤቱ ጥላ ሥር ቆሟል፤ ጀርባው ቅቤ የተቀባ ቀይ ሥጋ ሆኗል። አባ ነጋ አንገቱን እያሻሹ በአዊኛ ያባብሉታል። በጥር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ሲቀልቡት የከረሙት ፈረስ ነው። ከእንግዲህ ግን ኮርቻ አይችልም።

ደረሰ ባትሪውን እንደተሸከመ ከአጠገባቸው ቆመ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ «እንደሚፈስ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ አባ።»

የአባ ነጋ ፊት ፈታ አለ። «እኔም ብያቸዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ክፉ ክፉውን ሲያወራ፣ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር ብያለሁ።» ያመጣላቸውን ባትሪ ተቀብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ደረሰ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። ከውሸቱ ይልቅ የሚከብደው ያ አሜን ነው።

አሁን ስለ ባትሪ ሲጠየቅ ምሳሌ አይሰጥም። «ይህ ይፈሳል፣ አታጋድሙት። ይህ አይፈስም። ይህ ቶሎ ቶሎ ከተሟጠጠ ይሞታል፣ ያ ይችለዋል» ይላል፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ሰው እስኪሰለቸው። ከዘንገና የሚመጡ ደንበኞችም በዝተዋል። «አባ ነጋ ልከውን ነው፤ የማይዋሽ ልጅ ነው አሉን» ይሉታል።

በገበያ ቀን አባ ነጋም ዱላቸውን ይዘው በእግራቸው ይመጣሉ። ላባቸውን እየጠረጉ ከሱቁ ደጅ ያርፋሉ።

«አባ» ይላል ደረሰ፣ ሥራውን አቁሞ።

«አቤት ልጄ።»

ያያቸዋል፤ ያልነገራቸው ቃል ዳግም ምላሱ ላይ ይደርሳል። «ውኃ ላምጣልዎት?»