የጸሎት ቤቱ ቁልፍ

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ እንደ ወትሮው የጸሎት ቤታችንን ግቢ ጠረገ። ሞላሌ አጠገብ ያለን ቤተ እስራኤላውያን ጥቂት ነን፤ ደመወዝተኛው ግን አላነሰንም፦ ቄሱ፣ መምህሩ፣ አስተዳዳሪው። በሕጋችን ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ስለዚህ ሙታኑን ሁሉ የሚቀብረው፣ ቀብሮም በጓሮዋ ጎጆ ለብቻው የሚሰነብተው ጥበቃው ወንድሜ ነበር።

ሌሊቱን በድንገት ሞተ። ሲነጋ ቀብሩን እንዲያግዙኝ ሦስቱን ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ነገ ሰንበት ነው፤ ጸሎቱን ማን ይመራል?» አሉ ቄሱ።

«ማንስ ያስተምራል?» አሉ መምህሩ።

አስተዳዳሪው አሰቡና «ማንስ ያስተዳድራል?» አሉ።

ከክርስቲያን ጎረቤታችን ጋር ቀበርኩት። ስመለስ ሦስቱም የተቆለፈው የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ቁልፉን ከወንድሜ ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«እንኩ» ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ሦስቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቁልፉን እንደያዝኩ ወደ ወንድሜ ጎጆ ገባሁ።