ለክረምት የማይሆኑ አርባ ሦስት መጻሕፍት

በዚያ ሐሙስ መጋዘኑ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንድም እንዳይቀር በየተቀመጥንበት ልጥቀስ።

መደገፊያ ባላት ብቸኛ ወንበር ላይ የኔታ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፤ ከሰፈሩ ልጆች ግማሾቹ ፊደል የቆጠሩት እሳቸው ዘንድ ነው። ከሚዛኑ አጠገብ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ገብስ አራሽ፤ የመጡት ሽማግሌዎችን ወክለው ነው። ከመስኮቱ ሥር፣ ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ የወላጆች ተወካይ፣ የአራት ልጆች እናት፤ እታለም እንላታለን። በሩን ተደግፎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ የመጋዘኑ ንብረት ክፍል ሠራተኛ፤ ንብረት ክፍሉ እንለዋለን። አምስተኛው እኔ፤ ጸሐፊ ተብዬ ደብተር ይዤ ካርቶን ላይ ተቀምጫለሁ።

ጠረጴዛው ላይ አርባ ሦስት መጻሕፍት ነበሩ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

መጻሕፍቱን ያመጣሁት ከጎንደር ነው። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ሰው ትቶት የሄደውን፣ ልጁ ያደገበትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን ሁሉ ለሁለት ዓመት ሰብስቤ፣ ሽፋን የሌለውን ሽፋን አልብሼ፣ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ በሸራ ጠቅልዬ አምባ ጊዮርጊስ አደረስኩ። ቀበሌው የማዳበሪያ መጋዘኑ ባዶ ስለነበረ ለልጆች የክረምት ንባብ ሊሰጠኝ ተስማማ። ደብዳቤው ግን እንዲህ ይላል፤ ለሕፃናትና ለወጣቶች ለወቅቱ ተስማሚ የሆኑ መጻሕፍት በኮሚቴ ይመረጡ፤ ምርጫው ከነምክንያቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ የአምስቱም አባላት ፊርማ እስከ ሐሙስ ማታ ካልቀረበ ክፍሉ ለሲሚንቶ ይውላል።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነብባለሁ እንጂ መርጬ አላውቅም። የመምረጥ ሥራ ከሰዓት በፊት የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የኔታ አነሡ። አንዲት እናት ለእንግዳ ዶሮ ትሠራለች፤ ሥዕሉ ላይ እንቁላሉ ሳይቀር ይታያል። የኔታ ሥዕሉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«ፍልሰታ መቼ ነው የሚገባው?» አሉ።

«ከአራት ቀን በኋላ፣ የኔታ» አልኩ።

«እንግዲያ ይህን የሚያነብ ልጅ አሥራ አምስቱን ቀን እንዴት ይወጣዋል?»

እታለም ደነገጠች። «የኔ ትንሹ አምና ሽታውን ብቻ ብሎ ድስት ከፍቶ አግኝቼዋለሁ። ይህን ካየማ አበቃለት!»

ነገሩ አላስከፋኝም። ደብተሬ ላይ መስመር አሰመርኩና በአንድ በኩል «የጾም»፣ በሌላው «የፍስክ» ብዬ ጻፍኩ። ዶሮዋ ወደ ፍስክ ገባች። ንብረት ክፍሉ መጽሐፉን ተቀብሎ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠው።

ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ አንበሳ መጣ። ገጽ አሥራ አራት ላይ ፍየሏን ይበላታል።

«አውሬ አይጾምም፤ ይለፍ» አሉ አያ።

«አውሬው አይጾምም፤ አንባቢው ግን ይጾማል» አሉ የኔታ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የበላት?» አለች እታለም።

ገጹን ገልጬ አየሁ። «ፀሐይ ስትጠልቅ ይላል።»

«ሰዓቱን ጠብቋላ!» አሉ አያ ባልዲውን እየመቱ። «ከኛ ጎረምሶች ይሻላል።»

«ሰዓቱን ቢጠብቅም ሥጋ ነው» አሉ የኔታ።

ገጽ አሥራ አራትን በመርፌ ቁልፍ እንያዘው የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የኔታ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እንዲህ ካደረግህማ መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው።» አንበሳው ወደ ፍስክ ሄደ። ከዚያ ወተት የምትጠጣ ድመት ሄደች። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሙሽራ ላይ የኔታ ብዙ አሰቡ፤ በመጨረሻ «ይቀልጣል፤ ወደ አፍ ይወርዳል» ብለው እሷንም አሰናበቷት።

እስከዚህ ድረስ ወቅት ማለት ጾም ብቻ ነበር። አያ ግን ተራቸውን ይጠብቁ ኖሯል። የፈረንጅ ሥዕል ያለበት አንድ መጽሐፍ አነሡ። ምድሩ ሁሉ በበረዶ ነጭ ሆኗል፤ ልጆች በረዶውን እያድበለበሉ ይወራወራሉ፤ ይስቃሉ።

«ምነው ይስቃሉ?» አሉኝ አያ።

«እየተጫወቱ ነው፣ አያ።»

«አዝመራቸው ተቀብሮ?» ድምፃቸው ተለወጠ። አምና የአያን ገብስ በረዶ እንደ ምንጣፍ አንጥፎባቸዋል። «አባታቸውስ የት ነው?»

ገጹን ገለጥን። አባትየው አካፋ ይዞ ይስቃል።

አያ መጽሐፉን በፊቱ ደፉት። «ቡቃያው መሬት ላይ እያለ ይህ አይነበብም። ሚያዝያ ላይ፣ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ እንደፈለጉ ይሳቁ።» ቀጥለውም አውድማ ያለበትን ታሪክ ሁሉ ወደ ታኅሣሥ አሻገሩት። በሐምሌ እህል ሲወቃ ያነበበ ልጅ ወቅቱ ይምታታበታል፤ ጎተራ ሙሉ ይመስለዋል፤ እራት ጨምሩልኝ ይላል፤ ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዱን።

እታለምም ዝም አላለችም። ለጎረምሶች ያልኩትን ቀጭን መጽሐፍ ስታገላብጥ ቆይታ «እነዚህ ሁለቱ የት ነው የተዋወቁት?» አለችኝ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ዝናብ ይዟቸው አንድ ቤት ጥግ ሲጠለሉ ነው የተዋወቁት።

«ዝናብ ሲዘንብ? ክረምቱን ሙሉ የሚዘንበው ምንድን ነው? የኔ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው! ይህን አንብባ ደመና ባየች ቁጥር ጥግ ጥጉን ልትል ነው? በበጋ ይነበብ። በበጋ መጠለል የለም።»

«በበጋስ ፀሐይ አያስጠልልም?» አለ ንብረት ክፍሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

«አንተ ዝም በል፤ የጥላ ሥራህን እናውቃለን» አለችው፤ አያ ባልዲያቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ወንዝ የሚሻገሩ ልጆች ያሉበት መጽሐፍ ወንዙ ሞልቷል ተብሎ ተወሰደ። ስለ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ስምንቱ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷልና ለመስከረም ይቆዩ ተባሉ። የበረሃዋ ግመል ምንም ነውር አልተገኘባትም ነበር፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ታለበች። እያንዳንዱን ምክንያት ከነገጽ ቁጥሩ እጽፋለሁ፤ ንብረት ክፍሉ ካርቶኑን በፕላስተር ያሽጋል። አራተኛው ካርቶን ሲታሸግ ያፏጭ ጀመር። «ሲሚንቶ ዝናብ አይችልም፤ መጽሐፍ ግን ቤት ይወሰዳል» ይለኛል፤ ሊያጽናናኝ ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አርባ ሦስቱም ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ሁለት ዓመት የሰበሰብኩት አልቋል፤ በሸራ ጠቅልዬ ስመልሰው ታየኝ። የመረጥነው ከሌለ የምንፈርምበት የለም።

ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ግራጫ ሽፋን፣ አሥራ ሁለት ገጽ። እኔ አላመጣሁትም። ጥግ ላይ ያለው የማዳበሪያ ሚዛን መመሪያ ነው።

«ይኸስ?» አሉ የኔታ። «አንብበው።»

አነበብኩ። «ሚዛኑን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ከመመዘንዎ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በሚዛኑ ላይ አይዝለሉ። እርጥበት እንዳይነካው በጨርቅ ይሸፍኑ።»

«የሚበላ የለበትም» አሉ የኔታ።

«የሚዋደድ የለበትም» አለች እታለም።

«ለክረምት የተጻፈ ነው እንጂ! እርጥበት እንዳይነካው ይላል» አሉ አያ፤ ከዚያ ወደ ንብረት ክፍሉ ዞረው፣ «ሸጋ መጽሐፍ ነው። ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ የሚለውን አንተም ድገመው።»

ንብረት ክፍሉ ቀላ። የገዛ ሚዛኑን መመሪያ ለልጆች አይሆንም ሊል አልቻለም። ሦስቱ ፈረሙ፤ እኔ ፈረምኩ፤ እሱም ፈርሞ ቁልፉን እጄ ላይ ጣለው።

ፍልሰታ በገባ ማግስት ጠዋት በሩን ከፈትኩ። ልጆቹ መጥተው አንድ መጽሐፍ አገኙ። ተራ ገብተው አነበቡት፤ ሁለቱ ሚዛኑ ላይ ዘለሉ። በር ላይ ግን ደብዳቤው እንዳዘዘው ቃለ ጉባኤውን ለጥፌ ነበር፤ ሰባት ገጽ። አንድም ነገር ማስቀረት ስለማልወድ ሁሉም አለበት፤ ዶሮዋ ከነእንቁላሏ፣ አንበሳው፣ ሙሽራዋ፣ አካፋ ይዞ የሚስቀው አባት፣ ዝናብ የያዛቸው ሁለቱ ተማሪዎች። የእታለም ትልቋ ልጅ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ ከበር የሚነቃነቅ ጠፋ። በማግስቱም እንደዚሁ። እኔ የገጽ ቁጥር ብቻ የሰጠሁትን እነሱ ታሪክ ይጨምሩበታል፤ ረቡዕ ላይ ሁለቱ ተማሪዎች ሽማግሌ ተላልከው ነበር።

ሐሙስ ንብረት ክፍሉ ሲሚንቶ በጋሪ ጭኖ መጣ። «አንዲት መጽሐፍ በኪስ ትያዛለች፤ ክፍል ምን ያደርግላታል?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ልጆቹ ግን በሩን ዘግተው ቆመዋል።

«አንተ ነበርክ አይደል፣ አንበሳው ሲበላት?» አለችው የእታለም ልጅ። «ፍየሏ ጮኸች?»

መጽሐፉን ገልጦት አያውቅም፤ ያሸገው ብቻ ነው። ልጆቹን አየ፤ ጋሪውን አየ።

«ጮኸች እንጂ! እዚያው ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለም። ፍየሏ ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ ገደል ገባች፤ ወጣች። ዝናቡ ሲጀምር ባለጋሪው ሲሚንቶውን ወደ ቀበሌው ቢሮ ነድቶት ሄደ፤ እስከ መስከረም ሊቀመንበሩ በከረጢቶቹ መካከል ነው የሠሩት።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ፕላስተሩን ላጥኩ። ልጆቹ አፋቸው ወጥ እንደነካ መጡ፤ አንበሳውን ተሻሙበት። የእታለም ልጅ ገጽ አሥራ አራትን ሁለት ጊዜ አነበበችና መለሰችልኝ።

«ይህን ብቻ ነው? በር ላይ ያለው ይሻላል» አለች።

ቁልፉ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታልኝም። መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ላይ ስደረድር አርባ ሦስት ነበሩ። መመሪያው ከሚዛኑ ሥር ከሽቦ ጋር ታስሮ የሚቀመጥ ነው፤ ተራምዶ አልመጣም። አያ ከሚዛኑ አጠገብ ነበሩ። የእታለም ዘንቢል አፉ ክፍት ነበር። የየኔታ ካባ ሰፊ ነው። ንብረት ክፍሉም ቢሆን፣ ያንን የፍየል ታሪክ ሲያወራ ካየሁት ወዲህ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ ሐሙስ አብራችሁኝ የነበራችሁ አራታችሁ፣ ማን እንዳስቀመጠው የምታውቁ፣ ወይም ሙሽራዋ ቅቤ የተቀባችው በስንተኛው ገጽ እንደሆነ በስሕተት ጽፌ ከሆነ፣ ብቅ ብላችሁ ንገሩኝ። ከቃለ ጉባኤው ሰባተኛ ገጽ ግርጌ አራት መስመር ባዶ ትቼላችኋለሁ፤ እስክሪብቶው በገመድ በሩ ላይ ታስሯል።