ጧሪ ተብላ ያልተጻፈችው እናቴ

ጦስኝ የገባበት የገብስ አጥሚት ሽታ በሄድኩበት ያገኘኛል። መሐል ሜዳ ገበያ ዳር ባለች ምግብ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ሲያውደኝ እግሬ ቆም ይልና፣ ከሞላሌ በላይ ያለው የድንጋይ ቤታችን፣ እናቴም ትኩሱን አጥሚት በቅል ሞልታ፣ በነጠላዋ ሸፍና ከደጅ ስትወጣ ይታየኛል። አጥሚቱ ለእኛ አልነበረም፤ ለእትዬ የሺ ነበር።

እትዬ የሺ ድንበርተኛችን ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ የቀረቻቸው ዘመድ ሞላሌ የምትኖር የወንድማቸው ልጅ ብቻ ነበረች። አባቴን የወሰን ድንጋይ ገፍቷል ብለው ሽማግሌ ፊት ከሰውት ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ያልፉን ነበር። እኛም ቤት ስማቸው አይነሳም።

አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራትቷቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። በነጋታው እናቴ አጥሚት ስታማስል አባቴ «ለማን ነው?» አላት።

«ለእትዬ የሺ» አለችው፣ ማማሰሏን ሳታቆም። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እናቴ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉን እየሰነጠቅን እንሄድ ነበር። እናቴ ገላቸውን አጥባ፣ ጎናቸውን አገላብጣ፣ የረጠበውን አጎዛ አውጥታ ደረቁን ታነጥፍላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞረው ዝም ይላሉ። እኔ የቤቱን ሽታ እጠላው ነበር፤ ዝምታቸውን ደግሞ ከሽታው አብልጬ እጠላው ነበር።

«እማዬ፣ የተጣሉን ሴትዮ እኮ ናቸው። ምን ይሰጡኛል ብለሽ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«እሳቸውማ ምን አላቸው ልጄ፤ የሚሰጠኝ ሌላ ነው» ብላኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቅሉን አነሳች።

ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲብስ፣ የገብሱም አጨዳ ሲደርስ፣ አጨዳውንም እትዬ የሺንም ለማድረስ ከወፍ ቀድማ ትነሳ ነበርና እጇ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ሑዳዴ ሲገባ ቅቤውን ትታ ተልባ ትጨምርበታለች እንጂ አጥሚቱ አንድ ቀን አልቀረም። እትዬ የሺም ቀስ በቀስ ወደ እኛ መዞር ጀመሩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እትዬ የሺ የቀበሌውን የመሬት ሠራተኛ፣ ሽማግሌዎችንና የነፍስ አባታችንን መምሬን አስጠሩ። እኛም ሁላችን ሄድን። «መሬቴን ጦራ ላኖረችኝ ለዘነበች አወርሳለሁ፤ ጧሪዬ እሷ ናት፤ ጻፉልኝ» አሉ፣ ወደ እናቴ እያመለከቱ። የእኛ መሬት ጠባብና ድንጋያማ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ለትዳር ደርሶ የሚያርሰው አልነበረውም። የአባቴ ፊት ሲፈካ አየሁት።

እናቴ ግን ከተቀመጠችበት ተነሳች። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ፣ አልቀበልም። እኔ ዋጋዬን ከእግዜር ጠብቄ ነው። ዛሬ ከእርስዎ እጅ ከተቀበልኩ፣ እዚያ ምን ብዬ እቆማለሁ? ለወንድምዎ ልጅ ይሁን።»

«ልጅሽስ? እሱ በምን ይኑር?» አለ አባቴ።

«የሰጠን አይረሳውም» አለች። ምን እየተወች እንደሆነ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። መምሬ አቀርቅረው መስቀላቸውን ያሻሹ ነበር። እትዬ የሺ የእናቴን እጅ ስበው፣ ስመው አለቀሱ።

«ድንጋዩን የገፋሁት እኔ ነበርኩ» አሉ በሰው ሁሉ ፊት። «ባልሽን በሐሰት ነው የከሰስኩት።»

አባቴ «እግዜር ይፍታዎ» ብሎ ወጣ። በእሑዱ ከወንድሜ ጋር ቃሬዛ ሠርተው፣ እትዬ የሺን ተሸክመው አቀበቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው። ከወደቁ ወዲህ ያን ቀን ገና መቁረባቸው ነበር። ከኋላቸው ስሄድ ደረቴ በኩራት ተነፍቶ ነበር።

እትዬ የሺ በመስከረም ዐረፉ፤ መሬቱም ለወንድማቸው ልጅ ሆነ። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ወርዶ በቀን ሥራ ብዙ ዓመት ተንገላታ፤ እናቴም ስለ እሱ ስታስብ ታለቅስ ነበር። ተጸጽቼአለሁ ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም።

ዛሬ እኔ የመሬት ጉዳይ ጸሐፊ ነኝ። ጧሪው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያሉ ወንድምና እህት ሲካሰሱ እውላለሁ፤ መሬት ጠቧልና አልፈርድባቸውም። እኔም ራሴ አምሽቼ ሠርቼ አለቃዬ ሳያመሰግነኝ ከቀረ ሳምንቱን ሙሉ አኮርፋለሁ። እናቴ ዐይኗ ፈዟል፤ የዚያን ቀን ነገር ሳነሳባት «ተይ እባክሽ» ብላ ወሬ ትለውጣለች። የአገሬ ሰው ቢሮ መጥቶ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲለኝ እንደ ወጉ የአባቴን ስም እጠራ ነበር። አሁን አሁን ግን ቀና ብዬ፣ «የዘነበች» እላለሁ።