የልጄ ባልንጀሮች

በየእሁዱ ዲያቆኑ «ለንጉሡና ለሠራዊቱ ጸልዩ» ሲል እናቴ ግንባሯ መሬት እስኪነካ ትሰግድ ነበር። ለንጉሡ ብላ አይደለም። ሠራዊት ማለት ለእሷ አንድ ሰው ነው፤ ወታደር ሆኖ ወደ ባሌ ጠቅላይ ግዛት የዘመተው ታላቅ ወንድሜ።

ቢቸና አጠገብ ያለው የቀያችን ገበሬ፣ መሬት ሊለካ፣ አዲስ ግብርም ሊጣል ነው ተብሎ ባመጸ ጊዜ እኔ ከተዳርሁበት ከሞጣ ለመውለድ እናቴ ቤት መጥቼ ነበር። ገና አራስ ሳለሁ አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆላ ወረደ። አንድ ጠዋት «ሠራዊት መጣ!» ተባለና ከእኔ ከአራሷ በቀር የቀረው ሰው ሁሉ ጫካ ገባ። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ድፎ ዳቦ ቆረሰች።

«ምን ያስሮጣችኋል? የልጄ ባልንጀሮች አይደሉም እንዴ!» ብላ እየተቆጣች ደጅ ወጣች። ያ የዋህነቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወታደሮቹ ዳቦውን በሉ፤ ጠላውንም ጠጡ። አንዱ ለጋ ወታደር «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አላት። ደስ ብሏት «ልጄም እንደናንተው ነው፤ ባሌ አገር ነው ያለው፤ ታውቁት እንደሁ?» ስትል ጠየቀች።

አለቃቸው «ባልሽ የት ገባ?» አላት። «እማማ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነች። የጠላውን ማሰሮ ከፊታቸው አነሳች።

እማማ ያላት ያው ወታደር እኔን ከነጨቅላዬ ደግፎ አወጣኝና ተመልሶ የቤቱን ክዳን በክብሪት ለኮሰው። የእናቴን ዳቦ ገና እያላመጠ ነበር።

የአገር መከታ ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጁን ለጦር የሚሰጥ ገበሬ፣ ስንቁን የሚሰፍር ገበሬ፣ ቤቱ የሚነድበትም ገበሬ! ታዲያ ያ ሁሉ መትረየስ የሚጠብቀን ከማን ነበር?

ወንድሜ ፈቃድ አግኝቶ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ካኪውን እንደለበሰ የቤታችን አመድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። «የትኛው ጦር ነው? ንገሪኝ እማዬ፣ አልምራቸውም!» እያለ ፎከረ።

እናቴ አላቀፈችውም። «አንተስ ባሌ አገር ምን ስትሠራ ከረምህ?» አለችው።

ፉከራው ወዲያው ጠፋ። ቀበቶውን ሲነካካ ቆየና መሬት መሬቱን እያየ፣ «እዚያም ወተት የሰጡኝ አንዲት እናት ነበሩ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ዲያቆኑ «ለሠራዊቱ ጸልዩ» ሲል እናቴ ሰግዳ አታውቅም።